«አጽዳ» ስለምትለው ቃልና ስለ አርባ ሦስተኛው ሲሊንደር

ሐሙስ፣ ጥቅምት 12 ቀን። የጠዋት ቆጠራ፦ በሱቅ ያለ ሙሉ ሲሊንደር 17፣ ባዶ 9፣ በሰው ቤት ያለ 43። ቤቱ የታወቀ 42።

ለክቡር የንግድ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት የኮምፒውተር ሥርዓት ለውጥ ክፍል ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ጤንነትዎን እጠይቃለሁ። እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ምግብዎ የተስማማ፣ በተለይም ትንፋሽዎ ያልተቆራረጠ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ትንፋሽን ማንሳቴ ሥራዬ ስለሆነ ነው። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለችው ሱቄ፣ በቤታቸው ለሚታመሙ ሰዎች የኦክስጅን ሲሊንደር አከራያለሁ፤ ባለቤቴ በፒክአፕ መኪናችን ሙሉውን ያደርሳል፣ ባዶውን ይመልሳል። የትኛው ሲሊንደር በየትኛው ቤት እንዳለና መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቀው ግን እኔም እሱም ሳንሆን የሱቁ ኮምፒውተር ነበር። «ነበር» የምትለውን ቃል ልብ እንደሚሉልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባለፈው ወር ባወጡት ማስታወቂያ፣ የጤና ዕቃ የምንነግድ ሁሉ አሮጌውን ሥርዓት ትተን ሊኑክስ የሚባለውን እስከዚህ ወር አጋማሽ ካልጫንን ፈቃዳችን እንደማይታደስ አሳውቀውናል። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ በነጻ የሚገኝ ነገር የሚጠላ ነጋዴ አላጋጠመኝም። ሊኑክስ ራሱም ምንም አልበደለኝም፤ ጎረቤቴ ፎቶ አንሺው ሁለት ዓመት ሲሠራበት አንድ ቀን ሲማረር አልሰማሁም። ስለዚህ ምስጋናዬ ሳይበተን በሙሉ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ ለመዝገብ ቤትዎ እንዲመች በቁጥር ለይቼዋለሁ።

1ኛ. ስለ ፍላሹ አመሰግናለሁ። መመሪያዎ መጫኛውን ለመውሰድ ፍላሽ ይዘን እንድንቀርብ ያዛል። እኔም እንዳቅሜ ጠንቃቃ ነኝና ሰኞ ጠዋት የደንበኞቼን ዝርዝር በሙሉ በፍላሽ ቀድቼ ነበር የመጣሁት፤ ያለኝ ፍላሽ ያው አንዱ ስለሆነ መጫኛው ከዝርዝሩ ጎን ቦታ ይዞ የሚቀመጥ መስሎኝ ነበር። መስኮት ቁጥር ሦስት ያለችው ሠራተኛዎ ከሩብ ሰዓት በኋላ ፍላሹን በፈገግታ እየመለሰችልኝ «አጽድተን ጭነንልዎታል፣ እናቴ» አለችኝ። ክቡርነትዎ ወደ ሥራ ሲገቡ በመኪናዎ መስታወት አይተውት እንደሚሆነው፣ በዚህ ሰፈር ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ሁሉ «ፍላሽ እናጸዳለን» የሚል ወረቀት በበሩ ለጥፏል፤ ትርጉሙም ቫይረስ ማስወገድ ነው። ስለዚህ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ጎንበስ ብዬ አመሰገንኳት። ያን ምስጋና መልሼ መውሰድ የምችልበት ቅጽ ካለ ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

2ኛ. ስለ መመሪያዋ ወረቀት አመሰግናለሁ። ሰባት መስመር ብቻ ናት። አራተኛዋ መስመር «ዲስኩ መጽዳት አለበት፤ አጽዳ የሚለውን ይምረጡ» ትላለች። በእኛ ሥራ ንጽሕና ቀልድ አይደለም፤ በሲሊንደር አፍ ላይ የቅባት ጠብታ ከተገኘ እሳት ሊነሣ ስለሚችል፣ አጽዱ ስንባል ለምን ብለን ሳንጠይቅ እናጸዳለን። ባለቤቴ የኮምፒውተሩን ሆድ ፈትቶ የአሥራ አንድ ዓመት አቧራ በደረቅ ጨርቅና በቀለም ብሩሽ አራግፎ፣ ብሎኑን መልሶ አሰረ። ከዚያ ኮምፒውተሩን አብርቼ «አጽዳ» የሚለውን ስጫን፣ ማሽኑ ከእናንተ ይልቅ ተጠራጥሮ «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ወደ ባለቤቴ ዞር አልኩ፤ እሱም ብሩሹን እንደያዘ «አዎ በይው እንጂ፣ እንደ መስታወት አድርጌዋለሁ» አለኝ። አዎ አልኩት። «ደምስስ» ወይም «አጥፋ» የሚል ቃል አጥታችሁ ነው ብዬ አላምንም፤ ጨዋነታችሁ እንዲህ ያለ ሻካራ ቃል ከመጻፍ ከልክሏችሁ ይሆናል።

3ኛ. ስለ ስልኩ የእርዳታ መስመር አመሰግናለሁ። ተጭኖ ሲያበቃ ኮምፒውተሩ ጥቁር ሆኖ፣ በነጭ ፊደል «ግረብ ሬስኪው» የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ቀጥ አለ። ፎቶ አንሺው መጥቶ አነበበልንና «ሬስኪው ማለት ነፍስ አድን ማለት ነው፣ እትዬ» አለኝ። የማንን ነፍስ ብዬ ጠየቅሁት፤ እሱም ሳቀ፤ እኔም ልስቅ ሞከርኩና ዝርዝሩ ትዝ ሲለኝ ፍላሹን በእሱ ኮምፒውተር አስከፈትኩት፤ ከመጫኛው በቀር ምንም አልነበረበትም። በመስመሩ ላይ ያለው ባለሙያዎ ዝርዝሩ የት እንዳለ አልጠየቀኝም። እንደገና ጫኚ አለኝ፤ ጫንኩ። ያው ጥቁር ነው አልኩት፤ ማክሰኞ ጠዋት አንድ ጊዜ ድገሚው አለኝ፤ ደገምኩ። ለትሕትናው ግን አድናቆቴ የላቀ ነው፤ ሦስቱንም ጊዜ «አይዞሽ» ብሎኛል።

4ኛ. በመካከሉ መጫኛው ራሱ ዋይፋይ አላይም ሲል፣ ያው ባለሙያ «ድራይቨር ይጎድልሻል» አለኝ። ሾፌሬ ባለቤቴ ነው፣ ይኸው አጠገቤ ቆሟል አልኩት። ሌላ ዓይነት ድራይቨር፣ ዋይፋዩን የሚያሠራ ፕሮግራም መሆኑን፣ የሚገኘውም ከኢንተርኔት መሆኑን አስረዳኝ። ኢንተርኔት ለማግኘት ኢንተርኔት ውስጥ ገብቼ እንዳመጣው ማለት ነው። የቤቱን ቁልፍ ቤት ውስጥ ረስቶ የወጣ ሰው የሚሰማውን ያህል ተሰማኝ፤ ውስጥ ያሉት ግን ዕቃዎች ሳይሆኑ አርባ ሦስት ሰዎች ነበሩ።

5ኛ. መስመሩ ለምሳ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ይዘጋል። ሳንባ የምሳ ሰዓት የለውም።

ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተሩን ተሸክመን ወደ ጥገና ቤት ወሰድነው። ጠጋኙ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ወደ ውስጠኛው ማስተካከያ ገባና፣ ማሽኑ ሥርዓቱ የተጫነበትን ዲስክ ትቶ በሌላው ሊነሣ ይሞክር እንደነበር አይቶ ቅደም ተከተሉን ለወጠው። ሻይ ለማዘዝ የሚበቃ ጊዜ እንኳን አልወሰደበትም፤ ሥርዓቱ ተነሣ። የድሮውን ዝርዝርስ ስለው፣ ስንት ጊዜ እንደጫንን ጠየቀኝ። ሦስት ጊዜ። ጭንቅላቱን ይዞ «አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ የተወሰነውን ፈልፍዬ አወጣልሽ ነበር፤ አሁን ላዩ ላይ ሦስት ጊዜ ጻፋችሁበት» አለኝ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ኮምፒውተሬ አሁን ሊኑክስ ላይ ነው፣ ፈጣን ነው፣ የጸዳ ነው። ምንም የሚያውቀው ነገር የለም።

የፈራሁትን ሳልደብቅ ልንገርዎት። ደንበኞቻችን አይደውሉልንም። ባለቤቴ አንድ ቀን አርፍዶ ስለማያውቅ መደወል አልለመዱም፤ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳየውን ጌጅ የሚያየው እሱ ነው፣ ቀኑን የሚነግረው ደግሞ ዝርዝሩ። ሰኞ ከሰዓት ጀምሮ በትውስታው ብቻ ይዞራል። ቤቶቹን በስም አያውቃቸውም፤ «ሊፍት የሌለው ሦስተኛ ፎቅ»፣ «ቡችላዋ ጫማዬን የበላችው»፣ «ባዶውን ራሴ ካላወረድኩ የሚሉት አባት» እያለ ይቆጥራል፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ማክሰኞ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ቤት ስንደርስ የጌጁ መርፌ ዜሮ ላይ ሊተኛ ምንም አልቀረውም ነበር። ለምን አልደወሉም ስላቸው፣ ጭምብላቸውን ከአፋቸው ዝቅ አድርገው «ትመጣላችሁ ብዬ ነዋ» አሉኝ። ባለቤቴ አዲሱን ሲሊንደር ገጥሞ፣ የመርፌውን መነሣት ሁለት ጊዜ አየ።

ትናንት ማምሻውን አርባ ሁለት ቤት ሞላልን። አርባ ሦስተኛውን ባለቤቴ ሊያስታውሰው አይችልም፤ ምክንያቱም አላደረሰውም። ይህን ደብዳቤ በማረቅቅባት በዚህች ደብተር ለዓመታት የጠዋት ቆጠራ እጽፋለሁ፤ ስሙን ኮምፒውተሩ ያውቀዋል ብዬ ቁጥር ብቻ ነበር የምጽፈው። የባለፈው ዓርብ ገጽ «1 ወጣ፣ በሰው እጅ» ይላል። አንድ ሰው በራሱ መኪና መጥቶ፣ ለታላቅ እህቴ ነው ብሎ ወሰደው። ብቻዋን እንደምትኖር፣ ስትተኛ ትንፋሿ እንደሚያጥርና እንደምትፈራ ነገረኝ። አድራሻዋንም ስልኩንም በገዛ እጄ ኮምፒውተሩ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ከስልኩ ትዝ የሚለኝ በ47 ማለቁ ነው። ስምንት ቀን ሲሞላው ባለቤቴ ቤቷ ድረስ መጥቶ ይለውጥላታል አልኩት፤ አምኖኝ ሄደ። እንደ ነገረኝ አጠቃቀሟ ሲሊንደሩ ለስምንት ቀን ይበቃል። ስምንቱ ቀን የሚሞላው ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው።

ይህን ደብዳቤ በታሸገ ፖስታ መላክ ሲገባኝ ለሁሉ ግልጽ ማድረጌን እንደ ድፍረት እንዳያዩብኝ እለምናለሁ። ለክቡርነትዎ ብቻ ብጽፈው ኖሮ መልስ የሚደርሰኝ ከቅዳሜ በኋላ ነው። በየግድግዳው ስለጥፈው ግን ያ ወንድም ሊያየው ይችላል። ወንድሜ፣ ካነበብከው፦ ሲሊንደሩ ትከሻው ላይ ሁለት ቀይ መስመር አለው። እንመጣለን ብለህ አትጠብቀን፤ አንተ ና። እህትህ ብቻዋን ከሆነች አሁኑኑ ሂድና መርፌውን እይ።

ከእርስዎ ደግሞ የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ካሳ አይደለም። ገና ያልጫኑ ነጋዴዎች አሉ፤ ከእነርሱም አንዷ ለስኳር ሕመምተኞች ኢንሱሊን የምታቀርብ ናት። በአራተኛዋ መስመር ላይ «መጽዳት አለበት» የሚለውን ሰርዘው «ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ አይመለስም» ብለው ይጻፉልን። በእስክሪብቶም ቢሆን ይበቃናል።

ለንጽሕና ያለዎትን ጥልቅ ፍቅር እያደነቅሁ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ደረጃዎች በቶሎ ሲወጧቸው ትንፋሽ እንዳያሳጥሩብዎት እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በሚበልጥ ጭንቀት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለችው የኦክስጅን ነጋዴ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ፍላሹን ከዚህ ጋር አያይዤ ልኬዋለሁ። በውስጡ ያለው የዚህ ደብዳቤ ቅጂ ብቻ ነው። ክቡርነትዎ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ መስኮት ቁጥር ሦስት እንዳያጸዱት ቢያዙልኝ ውለታዎን አልረሳም።

የነገ ሥራ፦ ሲሊንደሩን የወሰደው ሰው ክንዱ ላይ ነጭ ብናኝ ነበረው። ዱቄት ወይም ጄሶ። አንድ ሙሉ ሲሊንደር መኪናው ላይ ጭኖ፣ ከንጋት ጀምሮ ዳቦ ቤቶቹን መዞር፤ ከዚያ ጄሶ የሚለስኑበትን አዲሱን ሕንፃ።