ለባለሱቋ የሰጠኋት ስም

ጥቅምት 4
ብርድ ልብሴን ተሸክሜ ሥራ ልጠይቅ ኮብልስቶን ከሚያነጥፉት ዘንድ ሄድኩ። አለቃቸው ጥቅሌን አየና መታወቂያ አለህ ወይ አለኝ። ቀበሌ ደግሞ የቤት ቁጥር ከሌለህ መታወቂያ የለም ይላል። ቤት ቢኖረኝማ... ፋብሪካው ሲቀንሰን ነው ቤቱም የሄደው።

ጥቅምት 6
በረንዳዋ ላይ የማድርባት ባለሱቅ፣ ዙለይኻ፣ በመታወቂያ ምክንያት ሥራ እንዳጣሁ ስነግራት፣ ጥቅልህን ቀን ቀን ሱቅ ውስጥ ላስቀምጥልህ አለችኝ። እንዲሁ በነጻ። ለምን? ምን ፈልጋ? ብቻ ሰጠኋት። ትከሻዬ ደክሞታል።

ጥቅምት 7
ማታ ፈትቼ አየሁት። ምንም አልጎደለም። ግን ፀሐይ ፀሐይ ይሸታል። ማን አስጪው አላት?

ጥቅምት 10
ሙሉ ስሜን ጠየቀችኝ፣ ከነአያቴ። አምና ትልቅ ስብሰባ አለ ብለው እኛን ጎዳና አዳሪዎቹን አፍሰው በመኪና ጭነው ከከተማ ውጭ አራግፈውናል። ያን ጊዜም በስም ጥሪ ነበር የጀመረው። አፌ ላይ የመጣልኝን ሰጠኋት። ወልደየሱስ ጉርሙ ወርዶፋ። ደገመችው፣ እንዳትረሳው።

ጥቅምት 13
ባሏ ከሊል ከቀበሌ ሰው ጋር ቆሞ ወደኔ ጠቆመ። አላልኩም? ሹልክ ብዬ ድልድዩ ሥር ገባሁ። ብርድ ልብሱ እሷው ጋ ቀረ...

ጥቅምት 15
ብርዱ አሸነፈኝ። ተመለስኩ።
የት ጠፋህ፣ ስንፈልግህ ከረምን አለችኝ። ለካ እሷ፣ ከሊልና ጎረቤታቸው እትዬ አሰጋሽ ቀበሌ ሄደው፣ እኛ ግቢ ነው የሚኖረው፣ በእኛ ቤት ቁጥር ይሰጠው፣ እናውቀዋለን ብለው ፈርመውልኛል። ፎቶህን ይዘህ ሂድና መታወቂያህን ውሰድ አለች። የወልደየሱስን!
ምን ይሻላል? ዝም ብዬ ብወስደውስ? ነገ ቢታወቅ የሚታሰሩት እነሱ ናቸው። አፈርኩ።

ጥቅምት 16
ነገርኳት። ስሜ ሀብተሚካኤል ነው፣ ፈርቼሽ ነው አልኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።
«ወላሂ እኔም ጠርጥሬህ ነበር» አለች። «ብርድ ልብስህን ያሰጣሁት ልፈትሸው ብዬ ነው።»
እውነቷን ነው።
«ለዚህኛው ስም ደግሞ ማን ይመስክርልህ?»
አሰብኩ። የሚያውቀኝ ሰው አጣሁ... አንድ እንኳ።
ሱቁን ቆለፈች። «ነይ፣ ስሙን እናስተካክል» ብላ እትዬ አሰጋሽን ጠራቻትና ወደ ቀበሌ ቀደመችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ተከተልኳቸው።