የቀድሞው የናሙና ክፍል ኃላፊያችን «ጋሼ በረዶ» ማረፋቸውን ስለማሳወቅ

ሁላችንም «ጋሼ በረዶ» እያልን የምንጠራቸው የላቦራቶሪያችን የቀድሞ የናሙና ክፍል ኃላፊ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አርፈዋል። የላቦራቶሪያችን ሠራተኞች በሙሉ ከልብ አዝነናል።

በ1979 ዓ.ም. በጥበቃ ሠራተኝነት ተቀጠሩ። የማቀዝቀዣ ጥገናን በተጣሉ ማሽኖች ላይ እየሞከሩ ራሳቸውን አስተምረው በ1984 ዓ.ም. ወደ ናሙና ክፍል ተዛወሩ። በየማቀዝቀዣው በር ላይ የለጠፉት «አስባችሁ ክፈቱ፤ ከፍታችሁ አታስቡ» የሚል ማሳሰቢያ ማዕረግ አይመርጥም ነበር፤ ሁለት ዳይሬክተሮች ተገሥጸውበታል።

በ1998 ዓ.ም. ኤች አይ ቪ ከእናት ወደ ልጅ መቼ እንደሚተላለፍ ለማወቅ የተጀመረውን ጥናት ናሙናዎች ተረከቡ። ቫይረሱ በእናትየው ደም ውስጥ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ፣ የሕፃኑ ቫይረስ የእናቱን የየትኛው ወር ቫይረስ እንደሚመስል በዘረመል ምርመራ ይታያል። ስለዚህ ደሙ የተቀዳበት ቀን ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል።

በ2001 ዓ.ም. ውጤቱ ከተያዙት ሕፃናት አብዛኞቹ ቫይረሱ የተላለፈባቸው በጡት በኩል መሆኑን አመለከተ። እናቶች ጡት እንዳያጠቡ የሚያዝ መመሪያም ተረቀቀ። ጋሼ በረዶ ግን ብልቃጦቹን መልሰው ሲያዩ፣ ከሁለት ጤና ጣቢያዎች ለመጡት የመዘገቡት ደሙ የተቀዳበትን ሳይሆን የናሙና ማመላለሻ መኪናው ያደረሰበትን ቀን ሆኖ አገኙት። መኪናው የሚመጣው በየሁለት ወሩ ነበርና፣ በእርግዝና የተቀዳው ደም ከወሊድ በኋላ የተቀዳ መስሏል። ስህተቱን ማንም አልደረሰበትም ነበር። እርሳቸው ግን በስብሰባ መሐል ተነሥተው፣ «ስህተቱ የእኔ ነው። እኔ ልዋረድ፤ ልጆቹ ግን በእኔ ጥፋት ጡት አይነፈጉ» አሉ።

አመራሩ «ቸልተኛ ነዎት» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ከሥራ አገዳቸው። በእገዳው ሦስት ወራት ሁለቱም ጤና ጣቢያዎች ድረስ ሄደው የ214 እናቶችን ትክክለኛ ቀን ከየመዝገቡ በእጃቸው ገልብጠው አመጡ። ትንታኔው እንደገና ሲሠራ፣ ቫይረሱ በብዛት የተላለፈው በእርግዝና መጨረሻ ሳምንታት መሆኑ ታየ። ረቂቁ ቀረ፤ በእነዚያ ጤና ጣቢያዎች እናቶች ቫይረሱ ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚከላከለውን መድኃኒት ቀደም ብለው እንዲጀምሩ ተደረገ።

ጋሼ በረዶ ወደ ሥራቸው ተመልሰው እስከ ጡረታ አገለገሉ። የቸልተኝነት ደብዳቤው ግን ከማህደራቸው አልወጣም ነበር። እንዲነሣላቸው ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀዋል፤ መልስ አልሰጠናቸውም።

ለባለቤታቸው፣ ለሦስቱ ሴት ልጆቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። ደብዳቤው ትናንት በአመራሩ ውሳኔ ተሰርዟል፤ የስረዛውን ጽሑፍ ለባለቤታቸው በእጃቸው ሰጥተናል። መስጠት የነበረብን ለእርሳቸው ነበር።

የላቦራቶሪው አመራርና ሠራተኞች