ድምፅ የሌላት ባጃጅ

ለልጄ አባት፣

ጥፋተኛው ልጅህ ምንያህል ነው። ባጃጅህን ጠሀ ለሚባል ሹፌር ሸጣት። ይህን ያስቀደምኩት፣ በደወልክ ቁጥር ልጅህን «ባጃጇ እንዴት ናት?» ስለምትለው ነው። ስለ እሷ እንጂ ስለ እኔ ጠይቀህ አታውቅም።

የማታ ትምህርት አስተማሪዬ ሊያ ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብላን ነበር፤ እኔን ግን ንዴቱ ቀደመኝ። እንዴት ነህ? ጉልበትህን ተሻለህ? ዲላ ዝናቡ አልበረታባችሁም? «ባችሁ» ያልኩት ከነቤተሰብህ ነው። እኛ ደህና ነን፣ ተመስገን። ጽሕፈቱ የራሴ ነው፤ ማንም አልጻፈልኝም።

በምትኳ የገዛት አዲሷ ባጃጅ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት። እንደ ስልክ ግድግዳ ላይ ተሰክታ ታድራለች። ጭስ የላት፣ ድምፅ የላት፣ እንደ ድመት ነው የምትገባው። ለምን ሸጥካት ስለው፣ ለቤንዚን ስሰለፍ ቀኑ ያልቃል፣ ደግሞም ሙቀቱ የባሰው፣ ዝናቡ ጊዜውን የሳተው በጭስ ነው አለኝ።

«የአባትህ ባጃጅ ናት ክረምቱን ያባረረችው?» ብዬ ሳቅሁበት።

«የድርሻዋን አባራለች፣ እማዬ።»

«ታዲያ ጭሷን ለጠሀ ሸጥክለት እንጂ መች አጠፋኸው?» ስለው አንገቱን አከከ። ጎረቤታችን ኢክራም ግን ነፍሰ ጡር ናትና፣ የቤንዚን ሽታ ሳያጥወለውላት ባህል አዳራሽ ስላደረሳት መርቃ አልጠገበችም።

እኔ አኮረፍኩ። ያቺ አሮጌ የአንተ እጅ ያለባት ናት። ከጉዱማሌ ሜዳ በኩል ስትታጠፍ ትስላለች፣ ኮብልስቶኑ ላይ ስትወጣ ታቃስታለች። ክላክስ አድርገህ ጠርተኸኝ አታውቅም፤ ሳሏን ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ በር እከፍት ነበር። ከሄድክ በኋላ ምንያህል ሲነዳትም እንዲሁ።

አዲሷ የመጣች ዕለት ምንያህል ደጅ ቆሞ ኖሯል፤ አልሰማሁም። ሲያንኳኳ ከፈትኩና፣ «ድምፅ የሌለው ነገር ገዝተህ ደጅ እደር!» ብዬ ተቆጣሁት።

እሱም፣ «እማዬ፣ የድሮዋን ስትሰሚ ሮጠሽ ትከፍቻለሽ። እኔን ስታዪ ግን ፊትሽ ይጠወልጋል። ይህን ሁሉ ዓመት አይቼዋለሁ። አሁን ሲንኳኳ እኔ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ» አለኝ።

ወደ ጓዳ ገባሁ። ራት ሳቀርብ ወጡ ላይ ጨው ደግሜ ኖሮ፣ ቀምሶ «ይኼም ከባጃጇ ነው?» ብሎ አሳቀኝ። ሳቁ የአንተ ነው። እስከዛሬ ግን እንደራሱ ሳቅ አድምጬው አላውቅም ነበር።

ፈጣሪ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ የምታድርበትን ቤት ሰላም ያድርግልህ፣ ደጋፊ አያሳጣህ። ስትደውልለት ስለ ባጃጅ አትጠይቀው፤ ስለ ራሱ ጠይቀው።

ጠሀ አሮጌዋን እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ነው የሚሠራባት፤ አንዳንዴ ሰው ጭኖ በሰፈራችን ያልፋል። ትናንት ሳሏን ሰማሁ። ብድግ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከእንግዲህ ለዚያ ድምፅ በር አልከፍትም።

የልጅህ እናት
ሐዋሳ