ሀናን መጠበቅ ተማረች

ይድረስ ከዓይኔ ለራቅኸው፣ ከሐሳቤ ግን ለአንድ ቀን እንኳ ላልተለየኸው ባለቤቴ ለሳዲቅ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ? ዕቃ ስታነሳ ያመመህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? በዚያ በሰው አገር፣ ሱቅህ ያለበት ሰፈር ረብሻ ነበር ሲሉ ሰምተን እናትህ ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም፤ አሁንስ ሰላም ሆነላችሁ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። ያንተን ናፍቆት ካልቆጠርነው በቀር የጎደለብን ነገር የለም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። በስልክ ስናወራ አንተ ትቸኩላለህ፣ እኔም ድምፅህን ስሰማ ልነግርህ ያሰብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። እዚያ አጠገብህ የሚነግደው የአዲሎው ጠና ቤተሰቡን ጠይቆ ሊመለስ ስለሆነ በእጁ ያደርስልኛል ብዬ ነው። በአፌ ሀዲይኛ እንጂ አማርኛ እንደማይቀናኝ ታውቃለህ፤ ብሳሳት እንዳትስቅብኝ።

አምና ግንቦት ላይ የተናገርከኝን ታስታውሳለህ? "ልጅቷ አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፣ እስካሁን ባባ አትልም፤ ልጄን ምን አድርገሻት ነው?" አልከኝ። እኔም ስልኩን ዘጋሁት። ረሳሁት ብዬ አልዋሽህም። ያን ቀን ሀናንን ከመዋዕለ ሕፃናት መልሰውብኝ ነበር የመጣሁት። ተቀመጪ ሲሏት አትቀመጥም፣ ስሟን ሲጠሩ አትዞርም፣ በር ሲከፈት ታመልጣለች፣ ይዘሽልን ሂጂ አሉኝ። እየጮኸች በጀርባዬ አዝዬ ከገበያው እስከ ቤት ስሄድ የማያይ ሰው አልነበረም። እናትህ የሰው ዓይን ነው አሉ፤ ጎረቤትም የየራሱን አለ። ያንተ ሲጨመርበት አቃተኝ።

በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ረጅም ጊዜ ወስዶ አያት፣ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ኦቲዝም ነው አለኝ። ስፈራ ሲያየኝ፣ "ስሚ እህቴ፣ ይህ ከተፈጥሮዋ ነው፤ አንቺም ያደረግሽባት፣ ሌላም ያደረገባት ነገር የለም" አለኝ። ከሐኪሙ ይልቅ ይህን አንተ ብትለኝ ብዬ ተመኘሁ። ከዚያም አዲስ አበባ ያለች ሙሉመቤት የምትባል መምህርት እንደ ሀናን ያሉ ሕፃናትን በኢንተርኔት ታሠለጥናለች ብሎ ስልኳን ሰጠኝ።

መምህርት ሙሉመቤትን በአካል አይቻት አላውቅም፤ ግን ካንተም ይልቅ በስክሪን ብዙ ያየሁት ፊት የእሷ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ትመጣለች፣ እንዴት እንደሚደረግ ታሳየኛለች፣ እኔ ደግሞ ቤት ስንሠራ ቀርጬ እልክላታለሁ። የምታስተምራት ፊደል አይደለም። የሰሙትን በሐሳብ መያዝን፣ እጅን መግታትን፣ ተራ መጠበቅን፣ ነገር ሲለወጥ አብሮ መለወጥን ነው። እኔና አንተ ማን እንዳስተማረን ሳናውቅ የምናደርገውን እሷ አንድ በአንድ መልመድ አለባት። መጀመሪያ ቀን፣ "ኦቲዝሙ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም፤ ቀኗ ግን እንዲቀልላት እናደርጋለን" አለችኝ። ስላልዋሸችኝ አመንኳት።

አንዱ ልምምዳችን እንዲህ ነው፤ ቢጫውን ጀሪካን እንደ ከበሮ እመታለሁ፤ ስመታ ትሄዳለች፣ ሳቆም ትቆማለች። ማለቴ፣ መቆም ነበረባት። ወር ሙሉ አልቆመችም። እኔ ስመታ እናትህ ምሳሌ ሊሆኑ ሲሄዱና ሲቆሙ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ግቢውን ሲዞሩ፣ ብታያቸው በሳቅ ትሞት ነበር። ከጃጁራ ገበያ እንኳ መቅረት ጀመሩ፤ ሥራ አለብኝ ይላሉ። የሰው ዓይን ነው ማለቱን ከተዉ ቆይተዋል። ደግሞ ቆርኪ በቀለም እንድትለይ እናደርጋታለን፤ ቀዩን ለብቻ፣ ቢጫውን ለብቻ። ከለመደችው በኋላ አሁን ደግሞ የተጣመመውን ከደህናው ለዪ ስንላት እጄን ነከሰችኝ፤ ጠባሳው አሁንም አለ። ለመምህርት ሙሉመቤት እያለቀስኩ ይህን አልችልም አልኳት። እሷም ሐሳብን ከአንድ መንገድ ወደ ሌላ ማዞር ለሀናን ዳገት እንደ መውጣት ነው፤ ሳትጎትቺያት አጠገቧ ሁኚ አለችኝ።

ጥቅምት ላይ የስልክ ዳታ ሲቋረጥ ሁሉም ነገር ያለቀ መሰለኝ። ሦስት ሳምንት መምህርቷን ሳናያት ቀረን፣ ሀናንም ወደ ድሮዋ መመለስ ጀመረች። ከዚያ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር ቤት ያላቸው ጋሽ ዳኘ በመስመር የሚሠራ ኢንተርኔት አላቸው ሲሉኝ ይዣት ሄድኩ። የአውቶቡስ ጥሩምባና የረዳቶቹ ጩኸት ሲሰማት ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ተኛች። ይመልሱናል ብዬ ሳፍር፣ ጋሽ ዳኘ ዕቃ የሚያስቀምጡበትን የውስጥ ክፍል አስለቅቀው አንድ ኮምፒውተር አስገቡልን፣ መስኮቱንም በካርቶን ደፈኑት። "የእህቴ ልጅም እንዲሁ ነበረች፤ ለእሷ ያጣሁት ክፍል ነው" ብቻ አሉኝ። ሌላ አልጠየቅኋቸውም።

አሁን በስልክ ያልነገርኩህን ልንገርህ። አንድ ቀን ጓሮ አንተ የተከልከው እንሰት ሥር ተቀምጠን ነበር፤ አሁን ቤቱን በልጧል። ሦስት ኩባያ ደፍቼ ካንዱ በታች ባቄላ ደብቄ፣ እስክቆጥር ጠብቃ የቱ ሥር እንዳለ ማሳየት አለባት። ሁልጊዜ በሀዲይኛችን "ማቶ፣ ላሞ፣ ሳሶ" እላለሁ፤ ሦስት ሲባል ታነሳለች። መምህርቷ አንዳንዴ መጨረሻውን ሳትጨርሺ ዝም በይና በልብሽ አሥር እስክትቆጥሪ ታገሺ ብላኝ ነበር። "ማቶ፣ ላሞ" ብዬ ዝም አልኩ። ሀናን እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ኩባያውን ታያለች። ከዚያ በቀጭን ድምፅ "ሳሶ" አለች። ሳዲቅ፣ የልጅህ ድምፅ የእህትህን ድምፅ ነው የሚመስለው። እናትህ ቆጮ እየከተፉ ነበር፣ ቢላውን ጥለው መጡ። ባባ ስትል ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅህ ስለማውቅ፣ የመጀመሪያ ቃሏ "ሦስት" ነው ብዬ በስልክ ልነግርህ አልደፈርኩም። ቅር እንዳይልህ ፈርቼ ነው። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጥ ቃል የለም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በጋሽ ዳኘ ቤት በኢሞ ቪዲዮ የተገናኘነው ዕለት ያንን በራስህ ጆሮ እንድትሰማ ብዬ ነበር። ፊትህ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ከስታሃል፣ ጢምህም ነጭ ገብቶበታል፤ እኔ የማውቀው ጢምህ ጥቁር ነው። ሀናን አየችህ። አለፍ ብላ ግድግዳውን አይደለም ያየችው፣ አንተን ነው ያየችው። "ሀናንዬ" አልክ፣ ከዚያ ተቋረጠ።

አንተ እንደገና ትደውላለህ ብዬ፣ "ትንሽ ጠብቂ፣ ባባ ይመጣል" አልኳት። እሷም ጠበቀች። እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ እግሯን ሳታወዛውዝ፣ ጥቁሩን ስክሪን እያየች ጠበቀች። ሦስት እስኪቆጠር መታገሥ ያቅታት የነበረች ልጅ የዐስር ሶላት አዛን እስኪጠራ ተቀመጠች። ጋሽ ዳኘ ብቅ ብለው አዩንና በሩን ቀስ ብለው መልሰው ዘጉት። እንሂድ ብላት እጄን ከትከሻዋ አነሳችው። በመጨረሻ ተሸክሜያት ወጣሁ፤ አልጮኸችም፣ ፊቷን ብቻ ወደ ኋላ አዞረች። በማግሥቱ "ሰው መጣብኝ" አልከኝ፤ እኔም ምንም አይደለም አልኩህ። ምንም አይደለም ማለቴ ውሸት ነበር።

ለመምህርት ሙሉመቤት ይህን ስነግራት መጀመሪያ ደስ አላት። ከዚያ፣ መጠበቅን ለምታስተምሪያት ልጅ መጠበቁ ማለቁንም መንገር አለብሽ፤ ያለዚያ መጠበቅ ማለት የማይመጣ ነገር ነው ብላ ትይዘዋለች አለችኝ። ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ዓርብ ደውል። ቢቋረጥብህም፣ ደንበኛ ቢሞላብህም፣ ለአንድ አፍታ ተመለስና "ሀናን፣ ለዛሬ አበቃ" በላት። እኔ አንተን መጠበቅ ከለመድኩ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ምሳዬን ስበላም፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ሲገባ ስሰማም፣ ልማድ ሆኖብኛል። እሷ ግን ገና ተማረችው። ያስተማርኳት እኔ ነኝና፣ በእሷ ፊት አታሳፍረኝ።

እናትህ እማማ ዘይነባ በዱዓቸው ውስጥ ስምህ ቀድሞ እንደሚነሳ ንገሪልኝ ብለዋል። ጋሽ ዳኘ ሰላም ብለውሃል። አብሮህ ለሚኖረው ለወንድምህ ለኢብራሂም ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ሚስት ይፈለግልኝ ያለውን እናታችሁ ይዘውታል፣ አይቸኩል። ጠና መንገድ ላይ የሚበላው እንዳያጣ ቆሎ ቋጥሬለታለሁ፤ ላንተም ተልኳል፣ ከእጁ ተቀበለው።

ሀናን ስጽፍ አጠገቤ ነበረችና እስክሪብቶውን ወሰደችብኝ። በወረቀቱ ዳር ወደ ታች የሚሄደው መስመር የእሷ ነው። ጽሑፌ ላይ ሊደርስ ሲል ጭንቅ ብሎኝ እጇን ልይዝ ነበር፤ ግን እኔ ሳልነካት፣ ራሷ አቆመች።

ያንተው ለይላ
ሆሳዕና፣ ጥር 14 ቀን 2009 ዓ.ም.