የጀርመን ማርክ እና የአቶ ቶለሳ ክሊራንስ

ነሐሴ 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለጓድ መሸሻ ስብሐት
የኮርፖሬሽኑ ፋይናንስ መምሪያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ለማርክ መወደድ ተጠያቂ ስለተደረጉ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ

ክቡር ጓድ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን እየጠየቅሁ፣ በዚህ ጭቃው በበዛ የጉለሌ ክረምት ጉንፋን እንኳ ደፍሮ እንዳይጠጋዎት እመኛለሁ። ይህን ደብዳቤ በካልሲ ፋብሪካችን በር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው አራት ደብዳቤዎች ለምላሽ ሳያስቸግሩዎት ስለቀሩ፣ አምስተኛው ቢያንስ ከዊንጌት በኩል ወደ ሥራ ለሚገባ ሰው ማንበቢያ ይሁን ብዬ ነው።

1. በመጋቢት 1977 የካልሲ ማሽን መርፌ በመቶ ሺህ የምዕራብ ጀርመን ማርክ ስናዝ፣ አንዱ ማርክ ስልሳ ሦስት ሳንቲም ነበር። ብራችን ከዶላር ጋር ቢታሰርም ማርክ ከማንም ጋር እንዳልታሰረ አስረድቼ፣ ወደፊት የምንከፍለውን ማርክ ባንኩ ከወዲሁ በተቆረጠ ዋጋ እንዲይዝልን ይጠየቅ ስል ማስታወሻ ጽፌ ነበር። ይህ የከበርቴዎች ቁማር እንደሆነና በብር ላይ እምነት ማጣትን እንደሚያሳይ በቀይ እስክሪብቶ ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በታኅሣሥ 1979 ስንከፍል ማርክ አንድ ብር ከአራት ሳንቲም ደርሶ ነበር። አርባ አንድ ሺህ ብር ጨምረን ከፈልን፤ ቁማር ግን አልተጫወትንም።

2. የመምሪያዎ የዓመት መዝጊያ ቅጽ በምንዛሪ ለውጥ ለሚመጣ ኪሳራ መስመር የለውም። ያለው «ጉድለት» የሚል መስመር ሲሆን፣ ከጎኑ «የተጠያቂው ስም» ይላል። ባዶውን ብልከው ተመለሰ። «የምንዛሪ ዋጋ» ብዬ ብሞላው፣ ተጠያቂ ሰው መሆን እንዳለበት ተብራርቶልኝ ዳግመኛ ተመለሰ። በመጨረሻ ዕቃውን ፈርሞ የተረከበው ይጻፍ ተባለ። የፈረሙት አቶ ቶለሳ ዱጉማ ናቸው፤ መርፌዎቹን ቆጥረው፣ አንዲት ሳትጎድል የተረከቡ። ስማቸውን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ለወረቀት ሥርዓት ብቻ ነው ተብዬ ነበር፤ ዛሬ ያንን ገጽ ሳየው አፍራለሁ።

3. አቶ ቶለሳ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው በሰኔ መጨረሻ ጡረታ ወጡ። ክሊራንስ ሲጠይቁ የአርባ አንድ ሺህ ብር ዕዳ አለብዎት ተባሉ፤ ያለ ክሊራንስ ደግሞ የጡረታ አበል አይከፈልም። ቢሮዬ መጥተው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ማርክ የሚባለው ነገር በግምጃ ቤቱ መስኮት የሚያልፍ መሆን አለመሆኑን ጠየቁኝ፤ በሩን ሁልጊዜ ራሳቸው ይቆልፉ ስለነበር በየት እንደወጣ አልገባቸውም። በወር ሃያ ብር ቢከፍሉ መቼ እንደሚጨርሱ እንዳሰላላቸውም ለመኑኝ። አሰላሁት፤ መቶ ሰባ ዓመት ከአሥር ወር ነው። አልነገርኳቸውም።

4. እንኳን ደስ ያለዎት። በታኅሣሥ 1980 አንዱን ማርክ በአንድ ብር ከሃያ ስምንት ሳንቲም ሒሳብ ያዘዝነው ሌላ የመቶ ሺህ ማርክ መርፌ፣ ባለፈው ሰኔ ስንከፍል ማርክ ወደ አንድ ብር ከአምስት ሳንቲም ስለወረደ ሃያ ሦስት ሺህ ብር ተረፈ። ይህንንም ዕቃ ፈርመው የተረከቡት እኚሁ አቶ ቶለሳ ናቸው። ቅጹ ግን ለትርፍ የተረካቢ ፊርማ ስለማይጠይቅ፣ «በአመራር ብልህነት የተገኘ ቁጠባ» ተብሎ ገባና በሐምሌ እርስዎ የኮከብ ሠራተኛ የምስክር ወረቀት ተሸለሙበት። እኛም በአዳራሹ ቆመን አጨበጨብን።

ልመናዬ አንዲት ናት፦ በ1979ኙ ቅጽ ላይ ያለው የአቶ ቶለሳ ስም ተሰርዞ ክሊራንሳቸው ይሰጣቸው። ገንዘቡን የወሰደው የምንዛሪ ለውጥ ነው፤ እርሳቸው አንዲት መርፌ አላጎደሉም።

ማርክ ቢወጣም ቢወርድም ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት በታሰረበት ዋጋ እንደሚቆይ እያረጋገጥኩ፣ ከታላቅ ትሕትና ጋር እሰናበታለሁ።

የዓለምወርቅ ቱሉ
የፋብሪካው ሒሳብ ሹም

ግልባጭ፦
ለአቶ ቶለሳ ዱጉማ

ማስታወሻ፦ የአዲሱን ዓመት የመርፌ ማዘዣ ትናንት እርስዎ ራስዎ ፈርመው ስለላኩልን፣ ቅጹ ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስ የ«ጉድለት»ን መስመር ከወዲሁ ሞልቼዋለሁ። የተጠያቂው ስም የእርስዎ ነው፤ ፊደል እንዳልሳሳትም ከኮከብ ሠራተኛ የምስክር ወረቀትዎ ላይ በጥንቃቄ ገልብጬዋለሁ።