ፀሐይ ላይ የተሰጣችው ቺፕ

ሰኞ
ፓምፑ ዛሬም ቀትር ላይ ቆመ። የብርቱካን ችግኙ ቅጠሉ መጠቅለል ጀምሯል። ሞተሩን የሚያዘው ቦርድ የመጣው ከብርድ አገር ነው፤ ሙቀቱ አርባ ሲሞላ አደጋ መስሎት ያጠፋዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ አርባ ምን አደጋ አለው? ቀትር ነው እንጂ!

አርባ ሲያልፍ ሞተሩን የማያጠፋውን አዲሱን ፕሮግራም በሙከራ ቦርዱ ላይ ጨርሻለሁ። ቀይ ቁጥሮቹ ሲበሩ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። የቀረኝ መለዋወጫዋ ቺፕ ላይ መጻፍ ነው፤ ግን በውስጧ ያለው አሮጌው ፕሮግራም መጀመሪያ መጥፋት አለበት። በጨረር የሚያጠፋው ልዩ መብራት መንገድ ላይ ተሰብሮ ነው የደረሰው። መጽሐፉ ብርቱ ፀሐይም በቀናት ውስጥ ያጠፋል ይላል። ፀሐይ ከሆነ ሞልቶናል። ጨረር የሚያስገባውን ትንሽ የመስተዋት መስኮቷን ወደ ላይ አድርጌ ቢሮው ደጃፍ ድንጋይ ላይ አሰጣኋት።

ሐሙስ
ቺፗን አነበብኳት። አሮጌው እንዳለ አለ። ምንም አልተነካም!

ሥራ አስኪያጁ መጣ። በሚመጣው ሐሙስ ኮሚቴ ይጎበኘናል። "ጓድ፣ ችግኙ ከደረቀ አሻጥር ነው የሚባለው። እኔም አላድንህም" አለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ዝቅ ማድረጉ ነው ያስፈራኝ። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ
ቀትር ላይ ከፓምፑ ቤት ስመለስ ቺፗ ድንጋዩ ላይ የለችም። ቢሮውን የሚያጸዱት እትዬ ዘሃራ ጥላ ውስጥ አስገብተው፣ በጨርቅ ሸፍነዋታል!

"በየቀኑ ረስተሃት ስትሄድ አያለሁ። እንዳትቃጠልብህ ብዬ ነው፣ ወላሂ። ሲበርድ እመልሳታለሁ" አሉኝ።

ጮህኩባቸው። በኋላ አፈርኩ፤ እዚህ ውሃውም ወተቱም ልጁም ጥላ ውስጥ ነው የሚውለው። ይቅርታ ጠይቄ ነገሩን አስረዳኋቸው።

"እንዲያ ነው እንዴ? አፉ በለኝ፣ ልጄ።"

ማክሰኞ
ጠዋት ደመና። ምን አድርጌው ነው ይሄ ሰማይ? ከሰዓት ተከፈተ። እትዬ ዘሃራ ጥላው በመጣ ቁጥር ቺፗን ይዘው ፀሐይ ይከተላሉ፤ ዶሮም ያባርሩላታል። አሮጌው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል።

ረቡዕ
ባዶ! አዲሱን ስጽፍባት የቢሮው መብራት ቦግ እልም አለ። "ያ ረቢ!" አሉ እትዬ ዘሃራ። አልጠፋም። ተጻፈ። መስኮቷን በወረቀት ሸፍኜ ፓምፑ ቦርድ ላይ ሰካኋት።

ሐሙስ
ቀትር። ኮሚቴው ፓምፑ ቤት በር ላይ ቆሟል። አርባ ሞላ። አለፈ። ሥራ አስኪያጁ የሚያየው ሞተሩን ሳይሆን እኔን ነው። ሞተሩ አልቆመም! ውሃው ወደ ችግኙ ወረደ።

ሲሄዱ የቦርዱን ሳጥን ከፈትኩ። የቺፗን መስኮት የሸፈንኩበት ወረቀት በሙቀቱ ተልጦ ወድቋል። ፀሐይ ደግሞ በፓምፑ ቤት በር ቀጥታ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ፕላስተር ይዘው እንዲመጡ እትዬ ዘሃራን ተጣራሁ።

"ከእንግዲህ ፀሐይ እንዳያገኛት፣ እትዬ። አዲሱም ይጠፋብናል።"

ፕላስተሩን በጥርሳቸው ቆርጠው ለጠፉላትና ቀና ብለው አዩኝ።

"ታዲያ እኔ ከመጀመሪያው ምን አልኩህ?"