የፒካፑ ውክልና

ግንቦት 9 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ላንተ፣ ካለህበት ይድረስ፤

ከሁሉ በፊት ሰላምታዬ ይቅደም። እናትህ እማማ ደህና ናቸው። ሲበርድ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ሌላ ችግር የለባቸውም። ይህንን ስጽፍ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ሩዝ እየለቀሙ ነው። «ለማን ነው የምትጽፊው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። መልቀማቸውን ቀጠሉ።

እኔም ደህና ነኝ። ስፌት ቤት አሁንም የሆስፒታል አንሶላ እሰፋለሁ። ማሽኑን ቀይረውልኛል፤ ወንበሩ ግን ያው የድሮው፣ ጎን የሚወጋው ነው።

ፒካፑ ሐሙስ ዕለት እንደተወሰደ ወንድምህ ነግሮህ ይሆናል። እሱ የሚነግርህ ግን መጥቶ ቁልፍ ተቀብሎ መሄዱን ነው። እኔ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አምስት ዓመት ሙሉ በስልክ «እሺ፣ እሺ» እያልክ ያለፍከውን ነገር አንድ ጊዜ እንኳን ተቀምጠህ አንብበው።

ለሥራ ርቀህ ስትሄድ ፒካፑ አከራያችን ግቢ ውስጥ አራት ድንጋይ ላይ ቆሞ ነበር። ሞተሩ ነክሶ አልዞር ብሏል፣ ጎማዎቹን ሸጠናቸዋል፣ በሩ በገመድ ታስሯል። «ስድስት ወር ብቻ ታገሺኝ። መጥቼ እጠግነዋለሁ፤ በሱ እየሠራን የራሳችንን ቤት እንገዛለን» ብለህ ኮፈኑን መታ መታ አደረግከው። እኔን ከመሰናበትህ በፊት እሱን ተሰናበትክ። ያኔ አስቆኝ ነበር።

በመጀመሪያው ዓመት በየእሑዱ ትደውል ነበር። ቀጥሎ በወር አንዴ ሆነ። ከዚያ የምደውለው እኔ ብቻ ሆንኩ። በሦስተኛው ዓመት አከራያችን «ወይ ይሄ ብረት ይውጣ፣ ወይ እናንተ ውጡ» ሲሉኝ ደውዬ አማከርኩህ። «ለብረት ሰብሳቢ ሽጪው» አልከኝ፣ እንደ ዋዛ። ከኋላህ ሰሃን ሲንኳኳ ይሰማ ነበር። ምግብ ቤት ገብተህ ነው ብዬ አሰብኩ።

አልሸጥኩትም። ለምን ብትለኝ ያኔ መልሴ «የሱ ነው፣ ሲመጣ ምን እለዋለሁ» የሚል ነበር።

ሰፈሩ «ጋሽ ነገ» የሚላቸውን ጡረተኛ መካኒክ አትረሳቸውም፤ መቼ ያልቃል ሲባሉ ከ«ነገ» ሌላ መልስ የማያውቁትን። ሄጄ ለመንኳቸው። መጡና ኮፈኑን ከፍተው ለረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው አዩ። «ይሄንን መኪና እንዲህ ያደረገው ሰው ደህና ሰው ነው?» አሉኝ።

«ባለቤቴ ነው» አልኳቸው።

«እሱን አልጠየቅኩሽም» አሉ።

አሥራ አንድ ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከስፌት ቤት እንደወጣሁ ከሳቸው ጋር ስውል ከረምኩ። ሞተሩን በሰንሰለት አውጥተን በትነን፣ እያንዳንዷን ብሎን በነጭ ጋዝ ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጥፍሬ ሥር የሚገባው ግራሶ ሰኞ ጠዋት ነጩን አንሶላ እንዳያቆሽሽብኝ እሑድ ማታ እጄን በሎሚ ስፈትግ አመሻለሁ። የሥራ ጓደኞቼ «ሽቶ ቀየርሽ እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

ከፍሬኑ ውስጥ አየር ስናወጣ ፔዳሉን የሚረግጥ ሰው አስፈለገ። እማማ ሻርፓቸውን አጥብቀው መሪው ኋላ ተቀመጡ። ጋሽ ነገ ከሥር ተኝተው «ይርገጡ» ሲሉ እሳቸው «ረግጫለሁ»፤ «ይልቀቁ» ሲሉ «ለቅቄያለሁ»። ይሄው ግማሽ ቀን ሄደ። በመጨረሻ እናትህ «ስልሳ ዓመት ስረገጥ ኖሬ ዛሬ ተራዬ ደረሰ» ቢሉ፣ ጋሽ ነገ ሲስቁ ግንባራቸውን ከብረቱ ጋር አጋጩት።

ሞተሩ የተነሳ ቀን ግቢው በጭስ ተሞላ። አከራያችን ያሰጡትን ልብስ ሊያወርዱ እየተራገሙ ሮጡ። እኔ መንዳት ተማርኩ። መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ዕለት በስልክ ጽፌልህ «ጎበዝ» የምትል አንዲት ቃል መለስክልኝ። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርህም።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ የሰው ዕቃ መጫን ጀመርኩ። ቤት የሚለቀውን፣ አልጋ የገዛውን፣ አሸዋ የሚፈልገውን ሁሉ። ቤቱንም ያገኘሁት በዚሁ ሥራ ነው። አባታቸው ሞተውባቸው ዕቃቸውን የሚያወጡ እህትና ወንድም ነበሩ። ከጣሪያው ግማሹ ወድቋል። መኝታ ክፍሉ ውስጥ ጉሎ በቅሎ በቀዳዳው አናቱን አውጥቷል። የወጥ ቤቱ ግድግዳ እንደ እርጉዝ ሆዱን ገፍቷል። «የሚወስደው ሰው ባገኘን» ሲሉ ሰማሁና እጄ ላይ ያለውን ሁሉ ይዤ ሄድኩ። ሳማክርህ «አብደሻል? እናቴን ፍርስራሽ ሥር ልትቀብሪያት ነው?» ብለህ ስልኩን ዘጋህብኝ። እኔ ግን ገዛሁት።

አንተ አላየኸውምና ልንገርህ። ጉሎውን ስነቅል ሥሩ ወለሉን ሰንጥቆት ስለነበር ሊሾውን እንዳለ አስነስቼ እንደገና አስደረግኩ። የጣሪያ ቆርቆሮ ከሚፈርስ መጋዘን ገዝቼ በሦስት ምልልስ አመጣሁ። የድሮ ምስማር ቀዳዳ ስለነበረበት እማማ ከሥር ቆመው ብርሃን ያዩበትን ሁሉ በከዘራቸው እየጠቆሙ «እዚህም አለ፣ እዚህ ጋ ደግሞ ሁለት» ሲሉኝ፣ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ በሬንጅ ስደፍን ከረምን። በሩን ደግሞ አንተ ስትገባ እንዳትጎነበስ ብዬ ከፍ አስደረግኩት። አናጢው «ሁለታችሁም አጫጭር አይደላችሁ እንዴ፣ ይሄ ሁሉ ከፍታ ለማን ነው?» አለኝ። «ለሚመጣው» አልኩት።

ጣጣው የመጣው ሥራው አልቆ ስንገባበት ነው። ካርታውን በስሜ ላዞር ማዘጋጃ ቤት ስሄድ ጸሐፊው «ባለትዳር» ብዬ የሞላሁትን ፎርም አየና «የባልሽ ፊርማ ያስፈልጋል» አለኝ። ፎርሙን ላክሁልህ። ዝም አልክ። ደግሜ ስልክልህ «ሥራ በዝቶብኛል፣ በዚህ ሳምንት» አልክ። ያቺ ሳምንት ስምንት ወር ሆናት። ወራሾቹ በበኩላቸው ጣሪያ የለበሰውን፣ ቀለም የተቀባውን ቤት ሲያዩ ልባቸው ወደ ቤቱ ተመለሰ። «በውላችን መሠረት እስከ ግንቦት መጨረሻ በስምሽ ካልዞረ ሽያጩ ይፈርሳል» የሚል ደብዳቤ አመጡልኝ። እሱንም ፎቶ አንስቼ ላክሁልህ። አይተኸዋል። ማየትህን ስልኩ ነግሮኛል።

ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ወንድምህ በሩን ሲያንኳኳ የፈረምከውን ይዞልኝ የመጣ መስሎኝ እጄን እንኳን ሳልጠርግ ሮጬ ከፈትኩለት። እውነትም ወረቀት ይዟል፤ ማኅተም ያለበት፣ በሁለት ቅጂ።

«ውክልና ነው» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን ላለማየት ግድግዳውን እያየ። «ፒካፑን እንድሸጥለት።»

«አሁን ምን ተገኘ?»

«ገንዘብ ቸግሮት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ…» አለና አፉን ያዘ።

እማማ እዚያው ተቀምጠው ነበር። «የማን ልጅ?» አሉ።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አልኩት እኔ።

«አራት» አለ ቀስ ብሎ።

ሒሳብ አልሠራሁም ብልህ ውሸት ነው። እኛ ቤት አሥር ዓመት ጠብቀነው የቀረው ልጅ እዚያ በአንድ ዓመት መጣ።

ወረቀቱን ተቀብዬ ልጅ ሆኜ ፊደል ስቆጥር እንዳደረግኩት በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ስምህ አለ። የሰሌዳ ቁጥሩ አለ። ከስምህ ሥር «የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባ» ይላል። ግርጌው ላይ ፊርማህ አለ። ስምንት ወር የጠበቅኩት ፊርማ ያ ነው።

ለምን እንዲህ እንዳልክ ገብቶኛል። አግብቻለሁ ብትል ሚስትህ ትስማማ ይሉሃል። ስንጋባ የምስክር ወረቀት እናውጣ ስልህ «ወረቀት ነው እንዴ የሚያኖረን?» ብለኸኝ ነበር፤ ያንን እንደ ፍቅር ቆጥሬ ለሰው ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ወንድምህ ጩኸት ጠብቆ ነበር መሰለኝ ወደ በሩ ጠጋ ብሎ ቆመ። ቁልፉን አውርጄ ሰጠሁት። «ከሁለቱ ቅጂ አንዱን ግን ትተህልኝ ትሄዳለህ» አልኩት። ደስ ብሎት ሰጠኝ። ለመታሰቢያ የፈለግኩት ሳይመስለው አልቀረም።

ደፈር ሲል ወደ እናቱ ዞረና «እማዬ፣ አንቺም ዕቃሽን አሰናጂ። ከእንግዲህ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ጋ ትሆኛለሽ» አላቸው።

«እስቲ ወረቀቱን እየው» አሉት እማማ። «እኔም አለሁበት?»

«ኧረ የለሽበትም።»

«እንግዲያው መኪናህን ይዘህ ሂድ።»

መኪናውንም ይዞ መሄድ አልሆነለትም። የግቢው በር ጠባብ ነው፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋበት፣ በሦስተኛው ምሰሶውን ሊገጨው ሲል አስወርጄው እኔው ወደ ኋላ ነድቼ አወጣሁለት። ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋሁለት። ሁለተኛ ማርሽ ወዲያው እንደማይገባ፣ ትንሽ መጠበቅ እንዳለበት ነገርኩት። ጥግ ላይ ሲታጠፍ ሲያንገጫግጨው ከሩቅ ሰማሁት። አልጠበቀም።

በማግስቱ ጠዋት እማማን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ገና ሲያየኝ «ፊርማው መጣ?» አለኝ።

«መጥቷል። ፎርሙን ላስተካክል ነው። ባለትዳር ያልኩት ስህተት ነበር» ብዬ ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

አነበበ፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ ደግሞ አነበበ። «ባሌ ነው ያልሽው ይሄ ሰውዬ ነው?»

«እሱ ነው። ራሱ አላገባሁም ይላል፣ በማኅተም።»

«የጋብቻ ምስክር ወረቀት አለሽ?»

«የለኝም።»

ወደ አለቃው ቢሮ ገብቶ ቆየ። ተመልሶ ሲመጣ ድምፁ ተለውጦ ነበር፤ ከበፊቱ ለስልሶ «ተቀመጪ» አለኝ። «ባለትዳር» የሚለውን በአንድ መስመር ሰረዘና «ያላገባች» ብሎ ጻፈ። «ከጎኑ ፈርሚ» አለኝ። ፈረምኩ። ስምንት ወር የተጎተተው ነገር በአርባ ደቂቃ አለቀ። ቤቱ በእኔ ስም ነው፤ በእኔ ብቻ። ወራሾቹም ማኅተሙን አይተው ተመልሰዋል።

ከማዘጋጃ ቤቱ ሳንወጣ ጸሐፊው የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር። «ቤቱ ውስጥ አብሮሽ የሚኖር አለ?»

«አንድ ሰው አለ።»

«ምንሽ ነው?»

«አማቴ» አልኩ፣ አምልጦኝ።

ብዕሩን አነሳ። «እህቴ፣ ባል ከሌለሽ አማት ከየት ትመጣለች?»

እውነትም ከየት ትመጣለች። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ የነበሩት እማማ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲነሱ ሰማሁ። መጥተው አጠገቤ ቆሙና «እናት ብለህ ጻፍ» አሉት።

ጻፈው።

ወደ ቤት በእግራችን ተመለስን። መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ አረፍን። እማማ አላለቀሱም። እኔም አላለቀስኩም ብዬ ልጽፍልህ ነበር።

ይኸው ነው እንግዲህ። ለሚገዛው ሰው ራዲያተሩ ውኃ እንደሚጠጣ፣ በየሳምንቱ ማየት እንዳለበት ንገሩልኝ። ልጁ ይደግልህ፤ እሱ በማንም ላይ ያጠፋው ነገር የለም፤ ትምህርቱን ፈጣሪ ይግለጥለት። እናቱንም ጤና ይስጣት። አንተን የክፉ ቀን እጅ አይንካህ። ይህንን የምለው ከአፌ ነው ወይስ ከልቤ፣ እሱን ገና አላወቅኩትም። «ምን ብዬ ልጻፍለት?» ብዬ እማማን ብጠይቃቸው «ብርድ እንዳይመታው ይልበስ በይው» አሉኝ። ስለዚህ ልበስ።

የእናትህ ልጅ